የቆላው ድምፅ በመሣሪያ ዋጋ አይመዘንም

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ፣ በኮኪትና በአብርሃ ጅራ፣ ክራር ከሚመታ ጕልማሳ አንሥቶ መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ እስከሚዞር አዝማሪ ድረስ፣ የዘፈን ቀረጻ ነገር በተነሣ ቍጥር ያለ ክርክር የሚደገም አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም መልካም ድምፅ የውድ መሣሪያ ፍሬ ነው፣ ውድ መሣሪያም የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፣ ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ ባለ ብዙ ትራክ ዲጂታል መቅረጫ በቤት የተሠራ ዘፈን የቱንም ያህል ቢደከምበት «የቤት ቀረጻ» ተብሎ ከመናቅ አያመልጥም የሚል ነው። ይህን ፍርድ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ የሚዘፍነውም የሚያዳምጠውም በአንድነት ስለሚጋሩት፣ የሚመረምረው ሰው ጠፍቶ ከልማድነት ወደ ሕግነት ተሻግሯል።

እኔ ግን ፍርዱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የአንድ ቀረጻ ውበትም ሆነ ጕድለት በአብዛኛው ተወስኖ የሚያልቀው ድምፁ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ በዘፋኙ ጕሮሮና በዝግጅቱ፣ በክራሩና በመሰንቆው ቅኝት፣ በክፍሉ ጠባይ፣ በማይክሮፎኑ ርቀት፣ ይልቁንም የሚቀርጸው ሰው ለማዳመጥ ባለው ትዕግሥት ይወሰናል። በእነዚህም ሁሉ ረገድ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከአዲስ አበባ የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ በአንዳንዱማ ይበልጣል።

ተከራካሪዎቼን ላለመበደል አስቀድሜ የእነርሱን ምክንያት ልናገር። አንድ ወጣት በቤቱ የቀረጸውን ዘፈን መልሶ ሲያዳምጥ ድምፁ የራቀ፣ የሚያስተጋባ፣ ከፍ ባለው የዜማ ክፍል ላይ የሚሰነጠቅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ወዲያው ከአዲስ አበባ የመጣ ዘፈን ሲከፍት ደግሞ የቀረበ፣ የጠራና የሞላ ድምፅ ይሰማል። በሁለቱ መካከል በዓይኑ የሚያየው ልዩነት የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ስለ ሆነ ለጕድለቱ ሁሉ መሣሪያውን ተጠያቂ ያደርጋል። ነገር ግን ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘፈን ማሚቶው በተገታ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ የተጫወቱት ሰዎች አስቀድመው ያጠኑት ነው፤ የቀረጸውም ባለሙያ ማይክሮፎን የት እንደሚቆም በዓመታት ልምድ የተማረ ነው። ከአራት ምክንያቶች መካከል ሦስቱን በዓይን ስለማይታዩ ትቶ፣ አራተኛውን በገንዘብ ስለሚገዛ ብቻ መምረጥ የማስተዋል ሥራ አይደለም። ነጋዴውም ቢሆን ይህን ስሕተት ሊያርም አይነሣም፤ መሣሪያን እንጂ ትዕግሥትን በሱቁ ደርድሮ ሊሸጥ አይችልምና።

እንግዲህ መሣሪያው ራሱ የሚሠራውን ሥራ እንመርምር። ዲጂታል መቅረጫ የድምፁን ሞገድ በየቅጽበቱ እየለካ ልኩን በቍጥር የሚያኖር ዕቃ ነው። በሲዲ ሥርዓት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ በዚህም እስከ 22,050 ኸርዝ የሚደርሰውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ግን በወጣትነቱ እንኳ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አይሰማም። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ሲጻፍ 65,536፣ በ24 ቢት ሲጻፍ ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃ አለው፤ በ16 ቢቱ ብቻ እንኳ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይገኛል። ትናንት ያዳመጥነውና ያለቀስንበት ካሴት ያለ ጩኸት ማጣሪያ ከ60 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም ነበር። አሁን ደግሞ ወደ አንድ የመተማ ቤት እንግባ፤ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት እንኳ የቤቱ ዝምታ ከ30 ዴሲቤል በታች መውረዱ ያጠራጥራል፤ ቬንትሌተር ሲዞርበት ወደ 50 ይጠጋል። ከማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ዘፋኝ 95 ቢደርስ በሌሊቱ ዝምታ እንኳ በመካከል የሚቀረው ስፋት 65 ብቻ ነው። የመሣሪያው ዝምታ ከቤቱ ዝምታ ይልቅ የጠለቀ መሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ ስለሆነም ከዘፈኑ በስተ ኋላ የሚሰማው ሹክሹክታ በአብዛኛው የቤቱ እንጂ የመቅረጫው አይደለም።

ታሪክም ቢጠየቅ ምስክርነቱ ከእኔ ጋር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን አገር ሄደው በዚያ ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ቤት አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ቀረጻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነውና፣ በዚያ ዘመን የሚዘፍን ሰው በቀንድ መሰል ቱቦ አፍ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ሲያነሣ ወደ ኋላ እያለ፣ ሲያወርድ ወደ ፊት እየተጠጋ፣ ሚዛኑን በእግሩ ይጠብቅ ነበር። የርቀት ጥበብ ከኤሌክትሪኩ የሚቀድም ጥበብ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። ሸክላ በአገራችን በገነነበትም ዘመን፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ድርጅታቸውን ካቋቋሙ ወዲህ የወጡት ዘፈኖች፣ የዛሬው የመተማ ወጣት በእጁ የያዘው የትራክ ብዛት ሳይኖራቸው ተቀርጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም አማካይነት በዓለም ሁሉ ተሰሙ።

ወደ ቤት ቀረጻው ስንመጣ ማስረጃው ይበልጥ ይቀርባል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ፣ በአንድ የሚያውቁት ሰው አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ብቻቸውን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ አንድ ካሴት ሠሩ፤ ያንንም ካሴት ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ባሳተመው ጊዜ፣ የሙዚቀኛው ስም በዓለም መድረክ ዳግመኛ ተጠራ። በጎንደር ከተማ ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ በፒያኖ ፊት ተቀምጠው፣ በአንድ ተራ ቴፕ ላይ የዘመሩትን አስቀርተዋል፤ ይኸውም ከዕረፍታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሞ ሲወጣ፣ በመስኮቱ የሚገባው የወፎች ድምፅ ሳይቀር እየተሰማ ዓለም በአድናቆት ተቀበለው። ከባሕር ማዶም ብሩስ ስፕሪንግስቲን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1982 «ነብራስካ» የተሰኘውን አልበም በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል፣ በባለ 4 ትራክ የካሴት መቅረጫና በሁለት ተራ ማይክሮፎኖች ቀረጸ፤ በኋላም ከባንዱ ጋር በትልቅ ስቱዲዮ እንደ ገና ቢሞክረው የቤቱን ነፍስ ስላላገኘበት ያንኑ የካሴት ቀረጻ አሳተመ። በእነዚህ ሁሉ እጅ ከነበረው ዕቃ ይልቅ ዛሬ በቆላው ውስጥ አንድ ወጣት በሻንጣው የሚይዘው መቅረጫ በልኬት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ «እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ታላቅ ሰው በምንም ቢዘምር ታላቅ ነው» ይለኛል። ይህን ማለት ግን ክርክሩን ለእኔ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ድምፅ የሚያምረው ከምንጩ ነው ማለቴ ነበርና። የቀረው ጥያቄ፣ ታላቅ ያልሆነ ነገር ግን ትጉህ የሆነ ሰው በቆላው ውስጥ ምንጩን እንዴት ያጠራል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ክፍሉን እንመልከት። ስቱዲዮ ልክፈት ብሎ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ አራት ማዕዘኑም እኩል የሆነ ክፍል ነው፤ ዘመናዊነትን ከብሎኬት ጋር ማዛመድ ልማድ ሆኗልና። ድምፅ ግን በብሎኬትና በሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ሳይዋጥ ይመለሳል፤ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎችም ሲቀባበሉት አንዲት ጭብጨባ እንኳ የሚንቀጠቀጥ ማሚቶ ታወጣለች። አየሩ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ድምፅ በሴኮንድ 355 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በ44፣ በ89፣ በ133ና በ178 ኸርዝ ላይ ድምፁን ያሳብጣል፤ ወርዱና ርዝመቱ እኩል በመሆናቸውም ሁለቱ አቅጣጫዎች በአንዱ ቦታ ይደራረባሉ። የወንድ ድምፅና የከበሮ ኃይል በአብዛኛው በዚሁ ክልል ውስጥ ያርፋልና፣ ዘፋኙ አንዱን ድምፅ ሲያወጣ ክፍሉ አብሮት ይጮኻል፣ ሌላውን ሲያወጣ ይነጥቀዋል። ይህን ጕድለት ዋጋው ዐሥር እጥፍ የሆነ ማይክሮፎን አያርመውም፤ አጥርቶ የሚሰማ ነውና ጕድለቱን ከነዝርዝሩ ይመዘግበዋል እንጂ።

ለዚህ መድኃኒት ነው ተብሎ የእንቁላል ካርቶን በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ይታያል፤ ከንቱ ድካም ነው። ድምፅን የሚውጥ ነገር አየርን የሚያሳልፍና ውፍረት ያለው መሆን ይገባዋል፤ ውፍረቱም ወደ ሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ሲጠጋ ኃይሉ ይሰምራል። በጠቀስነው ሙቀት ለ1,000 ኸርዝ ድምፅ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ለ500 ኸርዝ ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያስፈልጋል፤ ስስ ካርቶን ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ሕፃንም ይረዳዋል። መተማ ግን ጥጥ አብቃይ አገር ነው፤ ሁለት ሦስት ወፍራም የጥጥ ፍራሽ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ፈቀቅ ተደርጎ ከዘፋኙ ኋላና ከግራ ቀኙ ቢቆም፣ ከባሕር ማዶ በብዙ ገንዘብ የሚመጣው ስፖንጅ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ከዚህም ሌላ ሰው እየናቀ የሚያፈርሰው ሣር ክዳን ጎጆ አለ፤ ገበሬውና የጉሙዝ ወንድማችን የሚኖርበት ያ ክብ ቤት ትይዩ ግድግዳ የለውም፤ ሣሩ ድምፅን ይውጣል፤ ዝናምም ሲዘንብበት እንደ ቆርቆሮ አይጮኽም። ክብ ቤት ድምፅን ወደ መካከል የመሰብሰብ አንድ ጠንቅ አለውና፣ ማይክሮፎኑን ከመካከሉ አርቆ ወደ አንድ ወገን ማቆም ብቻ ይበቃል። ዘመናዊ ስቱዲዮ ለመምሰል ከዚህ ቤት ወጥቶ ወደ ቆርቆሮው የሚገባ ሰው ከተሻለው ወደ ከፋው ይሰደዳል።

ሰዓትና ወቅትም የቀረጻው ክፍል ናቸው። በቀትር ሙቀት ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ ለሰው ይከብዳል፤ ቬንትሌተር ካለ ደግሞ ጩኸቱ በእያንዳንዱ ትራክ ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ በክረምቱ ወራት ቆርቆሮው በዝናም ይደበደባል። ይህን ሁሉ በገንዘብ ለማሸነፍ መሞከር ሞኝነት ሲሆን፣ በሰዓት ማሸነፍ ግን ለሁሉም ይቻላል፤ ከንጋት በፊት ያለው ጊዜ ቀዝቃዛም ጸጥተኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዙም አር16 የተባለው መቅረጫ፣ ለምሳሌ ያህል፣ ስምንት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፣ 16 ትራኮችን ያሰማል፣ በስድስት የባትሪ ድንጋይም ይሠራል፤ በባትሪ ሲሠራ ጄኔሬተሩ ዝም ይላል፣ ከመብራት መሥመሩ የሚመጣው የ50 ኸርዝ እምታም መግቢያውን ያጣል። ትልቁ ስቱዲዮ በኤሌክትሪክ የተሳሰረ ነውና ይህን ነፃነት አያገኝም።

ሙቀቱ በዜማ መሣሪያው ላይ የሚያደርሰው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለስሕተት ዳርጎናል። የብረት ክር በሙቀት ይላላልና የክራሩ ድምፅ ይወርዳል፤ በዋሽንት ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ግን ድምፅ በፍጥነት ስለሚሮጥ የዋሽንቱ ድምፅ ይወጣል፤ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ በሚደረግ ለውጥ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሴሚቶን ሊጠጋ ይችላል። የከበሮ ቆዳም በደረቅ አየር ይወጠራል፣ በርጥበት ይረግባል። እንግዲህ ክራሩ በማለዳ ተቀርጾ ዋሽንቱ በቀትር ቢደረብበት ሁለቱ አይስማሙም፤ ሰውም «ይህ መቅረጫ ድምፅ ያበላሻል» ብሎ ይፈርዳል። መቅረጫው ግን ማለዳውን በማለዳነቱ፣ ቀትሩንም በቀትርነቱ አኖረ እንጂ አንዳች አላበላሸም። መድኃኒቱ የዜማ መሣሪያዎቹን በአንድ ሰዓትና በአንድ ሙቀት መቅረጽ፣ በየዘፈኑ መካከልም ቅኝቱን እንደ ገና መመልከት ነው፤ ይህም ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

ስለ ማይክሮፎኑ አቋቋም ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎንደር በአቋቋም ትምህርት የታወቀች ናት፤ በቅኔ ማኅሌት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው ወገን ወገናቸውን ሲመሩ፣ ከበሮው በመካከል፣ ጸናጽሉና መቋሚያው በየእጁ ሲሆን፣ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሳይውጥ የሚሰማው ማንም ሰው በማሽን ስለ መዘነው አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቦታ በሥርዓት ስለ ተወሰነ ነው። አባቶች በቦታ ያደላደሉትን ሚዛን እኛ ድምፁ ከተበላሸ በኋላ በቍልፍ እናስተካክለው ማለታችን ያስገርማል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ የክፍሉ ማሚቶ ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ስለሆነም «የራቀ» የምንለው ድምፅ ማሚቶው የበረታበት ድምፅ ነው። ዘፋኙን ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያህል፣ መሰንቆውን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ማድረግ ለመነሻ ይበቃል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ማይክሮፎን ከአፍ ጋር ሲጣበቅ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናልና ከዚያ መጠጋትም አይገባም። ሁለት ሰዎች በሁለት ማይክሮፎን ሲቀረጹ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከዘፋኙ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን። መላውን ማኅበር በአንድ ጊዜ ለመያዝ ለሚፈልግ ደግሞ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ማይክሮፎኖችን 17 ሴንቲ ሜትር አራርቆ በ110 ዲግሪ ማዕዘን ማዞር በፈረንሳይ ራዲዮ የተፈተነ ሥርዓት ነው፤ ቀኙ በቀኝ፣ ግራውም በግራ ይሰማል።

ከዚህ ቀጥሎ የድምፁ መጠን አለ። በሠርግ ቤት ሞንታርቦ እስኪንቀጠቀጥ ማስጮኽን የለመደ ሰው፣ ሲቀርጽም መለኪያው ቀዩን ካልነካ የቀረጸ አይመስለውም። በቀድሞው ቴፕ ድምፅ ሲበዛ ቀስ በቀስ ይታመቅ ስለ ነበር ይህ ልማድ ይቅርታ ነበረው፤ በዲጂታል ግን ከዜሮ ዴሲቤል በላይ የሚጻፍ ቍጥር ስለ ሌለ፣ ያለፈው የሞገዱ ጫፍ ተቈርጦ ይቀራል። ቀኑ አልፎበት የተሰነጠቀ የሰሊጥ ዛላ ፍሬውን በመሬት ላይ ካረገፈ በኋላ አውድማ ላይ የቱንም ያህል ቢወቃ ምርቱ እንደማይመለስ የመተማ ገበሬ ያውቃል፤ የተቈረጠ ድምፅም በየትኛውም ስቱዲዮ፣ በየትኛውም ማስተሪንግ አይመለስም። በ24 ቢት የሚቀርጽ ሰው መካከለኛውን ድምፅ ከጣራው 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢያደርገው አንዳች አያጣም፤ ዘፋኙ በስሜት ድምፁን ሲያነሣ የሚወጣበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ዘፋኙ የሚችለውን ያህል እንዲጮኽ አስቀድሞ መፈተን የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የትራክ ብዛትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። 16 ትራክ ስላለ 16ቱንም መሙላት ግዴታ የመሰለው ሰው፣ ሦስት ኪቦርድ፣ ሁለት የከበሮ ማሽን፣ አራት ድርብ ድምፅ ይጭናል፤ በመጨረሻም መሰንቆው የት እንደ ገባ ይጠፋዋል። ከዚያም የክፍሉን ጕድለት ለመሸፈን ሪቨርብ ይጨምራል፤ በማሚቶ ላይ ማሚቶ መደረብ ግን ጭጋጉን ያወፍረዋል እንጂ አይገልጠውም። ድምፅ የሚያርመው አውቶቲውን የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራሩ የአውሮፓን 12 እኩል ክፍል መሠረት ያደርጋል፤ አዝማሪ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲዘፍን ሆን ብሎ ከፍና ዝቅ የሚያደርጋቸውን ድምፆች ያለ ማስተዋል የተከፈተ ፕሮግራም እንደ ስሕተት ቈጥሮ ይቀጣቸዋል። እንዲህ ያለው ቀረጻ የጠራ ቢመስልም ዘፋኙን ከገዛ ቅኝቱ የነጠቀ ነው። በድንበር ማዶ የሱዳን ዘፈን፣ የመሐመድ ወርዲን ጨምሮ፣ በአገራችን ይህን ያህል የተወደደው ዑዱና ቫዮሊኖቹ ከዘፋኙ ጋር አብረው ሲተነፍሱ ስለሚሰሙ ይመስለኛል፤ የመተማ ሰው ይህን በጆሮው ሲወድ ኖሮ፣ በራሱ ቀረጻ ላይ ሲደርስ ግን ክራሩን ለብቻው፣ ዘፋኙን ለብቻው፣ ከበሮውንም ለብቻው ቀርጾ ሕይወቱን ያጠፋዋል። መሰንቆና ድምፅ ከአንድ ሰው የሚወጡ ናቸውና በአንድ ጊዜ ይቀረጹ፤ መደረብ ያለበት ነገር ካለ ኋላ ይደረብ።

የተቃራኒውን ወገን እውነት ግን አልክድም። ርካሽ የማይክሮፎን መግቢያ በእርግጥ የራሱ ሹክሹክታ አለው፤ እንደ በገና ያለ ዝግ ድምፅ በተራ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ሲቀረጽና መጠኑ እጅግ ከፍ ሲደረግ ያ ሹክሹክታ ይሰማል። ይህ ሲያጋጥም ግን መፍትሔው የ48 ቮልት ኃይል የሚቀበል አንድ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ማግኘት ነው እንጂ መላውን ስቱዲዮ መለወጥ አይደለም። ሙሉ ባንድ በአንድ ጊዜ ለመቅረጽ ሰፊ አዳራሽ እንደሚያስፈልግም እቀበላለሁ። በሚክሲንግ የሠለጠነ ጆሮ ብዙ እንደሚጠቅምም አምናለሁ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ የተቀረጹት ትራኮች በአንዲት ፍላሽ ተጭነው ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይችላሉ፤ ሰዎቹ ሥራቸውን ጥለው፣ የመኪናና የአልቤርጎ እየከፈሉ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የማልቀበለው «ኋላ በሚክሲንግ ይስተካከላል» የሚለውን የስንፍና ማረፊያ ነው፤ ባለሙያው የሚያስማማው የተቀረጸውን ነው፣ ያልተቀረጸውን ሊፈጥር አይችልም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ዕቃ ብቻ ተጨንቄ አይደለም፤ የተሳሳተው ፍርድ የሚያስከፍለን ዋጋ ከባድ ስለ ሆነ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጥ ሲታጨድ ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች የየአገራቸውን ዘፈን ይዘው በአንድ ማሳ ይገናኛሉ፤ በቋራና በመተማ የጉሙዝ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ይዘፍናል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት በዚህ ድንበር ላይ ዛሬ በሱዳን በኩል ያለው የገላባት ነጋዴና የመተማ ነጋዴ አንዱ የሌላውን ዜማ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሱዳን በጦርነት ከታመሰች ወዲህም በዚሁ በር ብዙ ስደተኛ ዜማውን ይዞ ገብቷል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስንቱ ነው ለቀረጻ ብሎ አዲስ አበባ የሚደርሰው? አጫጁ ሥራው ሲያልቅ ወደ ደጋው ይመለሳል፤ ሽማግሌው ይሞታል፤ ስደተኛው ወደ ሌላ ስፍራ ያልፋል። «ጥሩ መሣሪያ እስኪገኝ» እያለ የሚጠብቅ ሰው ባለ ሙሉ መሣሪያ በሆነ ቀን የሚቀርጸውን ሰው አያገኘውም።

ስለዚህ ፍርዴን በፈተና አስደግፌ አቀርባለሁ። በዚህ ነገር ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው አንድ መቅረጫ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ አዝማሪ ይያዝ፤ አንዱን ዘፈን በመጀመሪያ በቀትር፣ ቬንትሌተር በሚዞርበት ባለ ቆርቆሮ ክፍል፣ ማይክሮፎኑን አርቆ፣ መለኪያውንም ቀይ አስነክቶ ይቅረጽ፤ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ከንጋት በፊት፣ በሣር ክዳን ቤት ውስጥ፣ ከኋላ የጥጥ ፍራሽ አቁሞ፣ መሰንቆውን ቃኝቶ፣ ማይክሮፎኑን አቅርቦ፣ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ይቅረጽ። ከዚያም ሁለቱን እኩል ድምፅ ሰጥቶ፣ የትኛው የት እንደ ተቀረጸ ሳይናገር፣ ገበያ ለመጡ ሰዎች ያሰማቸውና የትኛው «የአዲስ አበባ» እንደሚመስላቸው ይጠይቃቸው። ሰዎቹ ሁለተኛውን ከመረጡ፣ ለአዲስ መሣሪያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአዝማሪው ይክፈለው፤ የመጀመሪያውን ከመረጡ ግን ይህን ጽሑፍ በአደባባይ ለመሻር ዝግጁ ነኝ።